ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ዝውውር

ኮምቦልቻ
ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሚርያም፣

የጌታ ሰላም በቤትሽም በሥራሽም ይሁን። ብርዱ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን የጠዋት ጸሎት አይቀርባትም። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጓሮ ያሉትን ሦስት ፓፓያዎች እንደ የበታች ሠራተኞቹ ይቆጣጠራቸዋል፤ ያላፈራችውን ቆሞ ይገሥጻታል። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ጨርሻለሁ። ከሒሳብ በቀር ሁሉም ጥሩ ነበር፤ ሒሳቡም መጥፎ አልነበረም።

በወረቀት የምጽፍልሽ ጓደኛሽ ኩኩ ሰኞ ወደ ሲያትል ስለምትመለስና በእጇ ልታደርስልኝ ቃል ስለገባች ነው። በቴሌግራም እንዳልጽፍልሽ ስልኩ የቤቱ ሁሉ ነው። እማዬ የድምፅ መልእክትሽን ከፍ አድርጋ ለጎረቤት ታሰማለች። ደግሞ አንቺ እኔ ሳልጨርስ ነው የምትመልሺው። ወረቀት ማቋረጥ አይቻልም፤ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለብሽ።

የላክሽልኝን የትምህርት ዕቅድ አሳትሜ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። ቆንጆ ነው። ሁለቱን ዓመት በስድስት ተርም ከፍለሽ ቀለም ቀብተሽዋል፤ ኬሚስትሪ በሰማያዊ፣ አናቶሚ በቀይ፣ ማይክሮባዮሎጂ በአረንጓዴ። ሳይኮሎጂ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በግራጫ አለች። ከሥሯም «ይህቺ ለነርሲንግም ስለምትጠየቅ ነው፤ ሌላውን ሐሳብ እርሳው» ብለሽ ጽፈሻል።

አልረሳሁትም። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ መጀመሪያውኑ ልንገርሽ፤ ነርስ አልሆንም። እዚያ ሲያትል ኮሌጅ ሁለት ዓመት የምማረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዘዋውሬ ሳይኮሎጂ ለማጥናት ነው። ማመልከቻው ላይ የትምህርት ዘርፍ የሚለው ቦታ ይህንኑ ጽፌበታለሁ። ስፖንሰሬ አንቺ ስለሆንሽ ያለ ፊርማሽ የትም እንደማልሄድ አውቃለሁ። «ነርሲንግ ካልሆነ አልፈርምም» ያልሽውንም ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቴ ብቻዬን፣ አንዴ ከነጎረቤቱ።

ከዚያ ሁሉ መልእክት ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው። «ሐዘን ሙያ አይደለም፣ ምንይሉ» አልሽኝ። አሥር ቀን አሰብኩበት። እውነትሽን ነው፣ ሐዘን ሙያ አይደለም። እኔም ሐዘን ልማር አልጠየቅኩሽም።

ስለ ዕቅዱ ልጻፍልሽ፤ በስሜት ተነድቶ ነው እንዳትይኝ። ለኮሌጁ ተማሪዎችን ለሚያማክሩት ሴትዮ ኢሜይል ጽፌላቸው ነበር። የላክሁላቸው የራሴ ዕቅድ ስድስቱም ተርም በሳይኮሎጂ የታጨቀ ነበር። በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። በጨዋነት ነው የጻፉት፤ ጓደኛዬ ሀፊዝ ግን ሲያነብልኝ እንዲህ ብሎ አሳጠረው፤ «ሴትዮዋ የምትልህ፣ ወንድሜ፣ ሠርግ ቤት ገብተህ ወጡን በሙሉ ለብቻህ አትብላ ነው።» ያሉኝ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከኮሌጁ የሚቀበለው የሳይኮሎጂ ኮርስ ጥቂት ነው። የቀረውን ብወስደውም ለዋናው ትምህርት ስለማይቆጠርልኝ እዚያ ሄጄ እንደገና መማር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ተርም ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ሒሳብ እወስዳለሁ። ስታቲስቲክስ ሒሳቡን ተከትሎ ይመጣል፤ ያለ እሱ ትምህርት ክፍሉ ማመልከቻዬን አያየውም። ባዮሎጂ አለ፤ ያንቺ ቀይ አናቶሚም አለች፣ አላወጣኋትም። በሁለተኛው ዓመት የሰው ልጅ ዕድገት ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ፍልስፍና፣ ሌላ ቋንቋ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ የሳይኮሎጂ ስም ያላቸው ሦስት ብቻ ናቸው።

«እንግዲያው ከእኔ ዕቅድ በምን ተለየ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ቆጥሬዋለሁ፤ ግማሹ አንድ ነው። የሚለየው መድረሻው ነው።

አእምሮ ሲታወክ የሚሆነውን የሚያስተምር አንድ ኮርስ አለ። ከሁሉም በፊት የፈለግሁት እሱን ነበር። እሱን ለዩኒቨርሲቲው ተወው አሉኝ፤ ከኮሌጁ ብወስደው አይቆጠርልኝም። ስለዚህ በጣም የምፈልገውን ነገር የማገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እሺ ብያለሁ። በስሜት የተነዳ ሰው እንዲህ ይጠብቃል?

ዝውውር የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ያደረገውን ብታይ ትስቂ ነበር። ምሳ ላይ ለአባዬና ለእማዬ ዕቅዱን አስረዳኋቸው። «ሁለት ዓመት ኮሌጁ ውስጥ፣ ከዚያ ዝውውር» አልኩ። እማዬ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።

«ምን አጥፍቶ?» አለች።

ታውቂያለሽ፣ በእኛ ቤት ዝውውር ማለት ቢስቲማ ማለት ነው። አባዬ ያልተተከለ ችግኝ ተተክሏል የሚለውን ሪፖርት አልፈርምም ባለ ጊዜ ወደዚያ አዛውረውት አራት ዓመት ቅዳሜ እየመጣ እሑድ እየሄደ ነው የኖረው። እኔ የተወለድኩት እሱ ቢስቲማ እያለ ነው። አባዬ ትንሽ አሰበና «እዚያ አገር ዝውውሩን የሚጠይቀው ተዛዋሪው ራሱ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ያ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ምሳውን ቀጠለ። ይህ የሆነው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያኔ ገና እናወራ ነበር።

አሁን ወደ አሞጽ ልምጣ። በስልክ ማንም የማይነግርሽን ነው የምጽፈው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እስከ ምን ድረስ እንደምታውቂ አውቃለሁ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ሲደርስ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ ወንድማችን ቤት ሊጠብቅ ቀረ። ስንመለስ ቤቱ ነበር፣ እንቅልፉ ግን አልነበረም። ሞባይል የሚጠግንበትን ሱቅ ዘጋ። በር ሲንኳኳ ጣራ ላይ ይወጣ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ተጸለየለት፤ ከዚያ አባዬ ደሴ ሆስፒታል ወስዶት መድኃኒት ተጀመረለት። ሱቁን ከፈተ፣ ማታ ይተኛ ጀመር፣ እኔን መልሶ መምታትም ጀመረ፤ በደስታ ነው የተመታሁለት። ከዚያ ባለፈው ሰኔ በቤተ ክርስቲያናችን ኮንፈረንስ ተነሥቶ ምስክርነት ሰጠ፤ ቪዲዮውን ላክንልሽ። አንቺም ሲያትል ባለው ቤተ ክርስቲያናችሁ በስክሪን አሳየሽው፤ ሰው እያለቀሰ ተመለከተው። ከዚያ መስከረም 24 ቀን ሐረጎ ዳገት ላይ መኪና ገጨው። የምታውቂው ይህን ነው።

የማታውቂውን ልጨምርልሽ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የፈውስ ምስክርነት ሲሰጥ «መድኃኒቱን ትቼዋለሁ» ካልተባለበት ጎዶሎ ይመስለናል። እንዲህ ይሁን ብሎ ያወጀ ሰው የለም፤ ፓስተር በላቸውም አንድ ቀን መድኃኒት ተዉ ብለው አያውቁም። ብቻ ሁላችንም ያቺን ቃል እንጠብቃለን። ቪዲዮውን አስታውሺው። አሞጽ ጌታ ረድቶኛል አለ፣ እተኛለሁ አለ፣ ሱቄን ከፍቻለሁ አለ። ማይኩን ሊመልስ ነበር። ያኔ ከጎን አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «መድኃኒቱስ?» አለው። አሞጽ ወደዚያ ዞሮ ፈገግ አለ። ቆየት ብሎ «ትቼዋለሁ» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አንቺም በማግስቱ በድምፅ መልእክትሽ «ያ ከጎን የጠየቀው ወንድም ይባረክ፤ ምስክርነቱን ሙሉ ያደረገው እሱ ነው» አልሽ።

አልተወውም ነበር፣ እታለም። ያን ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ በሻይ ውጦት ነው የሄደው። የተወው ከማግስቱ ጀምሮ ነው፤ የተናገረው ውሸት እንዳይሆንበት። ነሐሴ ላይ እንደገና እንቅልፍ ሲያጣ እባክህ ውሰደው ብዬ ለመንኩት። «ሰው ፊት ተናግሬ በጓሮ ብውጥ ምን ልባል ነው? ሲያትል ድረስ ያዩኝስ?» አለኝ። ለእማዬ እንዳልናገር በጌታ ስም አስማለኝ። አልተናገርኩም።

ስለ መኪናውም የነገርንሽ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። ሾፌሩ ለቅሶ ላይ ድንኳናችን ድረስ መጥቶ እግራችን ላይ ወደቀ። እንደነገረን አሞጽ መሐል አስፋልት ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ መኪና እየመለሰ ነበር። «ተመለሱ፣ ከተማው ተይዟል፣ ልጆች የጫናችሁ ተመለሱ» እያለ ይጮህ ነበር። ሁለት ሚኒባሶች ቆመውለት ነበር። ሦስተኛው ከጠመዝማዛው ሲወጣ አላየውም። ሰዎች በጎን የሚያንሾካሹኩትን እሰማለሁ። ወንድሜ ሊሞት አልወጣም። ሰው ሊያድን ነው የወጣው፤ የሚያድንበት ቀን ግን ከሦስት ዓመት በፊት አልፏል። ይህ ምን ይባላል? ስም አለው ወይ? ስሙን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ምን ይለው ነበር? እኔ ልማር የምፈልገው ይህን ነው። ኬሚስትሪ አይነግረኝም።

ታኅሣሥ ላይ የአሞጽን የሆስፒታል ክትትል ካርድ ልመልስ ደሴ ወጣሁ። ማንም አልላከኝም። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሳየው ቀጠሮ ያለበት ሰው ይመስለኝ ነበር። ሀፊዝ ሸኘኝ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ መስኮት በኩል እኔ እንዳልቀመጥ ቦታ ቀየረኝ።

የክትትሉ ነርስ ሲስተር ሂንድ ይባላሉ። ካርዱን አይተው ገና ቀና ሳይሉ «አሞጽ ከፍያለው! ይኸ ስልክ ሠሪ የት ጠፋብኝ? ቀጠሮው ካለፈ አምስት ወሩ» አሉ። ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ ሳለ ተነሥተው በሩን ዘጉና አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ እምነታቸው ኢናሊላሂ አሉ። ከዚያ መቼ እንዳቆመና ለምን እንዳቆመ ጠየቁኝ። ስለ ምስክርነቱ ስነግራቸው አልሳቁም፣ ሃይማኖታችንንም አልነቀፉም። «እኛም ዘንድ አለ። ሩቅያ፣ ቁርኣን ማለቴ ነው፣ ተቀርቶልኝ ድኛለሁ ብሎ የሚጠፋ ብዙ ነው። ያኛውንም ያዝ፣ ይኸኛውንም ያዝ እላቸዋለሁ። አሞጽ አፍሮ ነው እንጂ መጥቶ ቢነግረኝ አልቆጣውም ነበር» አሉ።

«ማፈሩንስ ማን ያክመዋል?» አልኳቸው።

«እሱን የሚሠራ ሰው እዚህ የለንም። እኔ ኪኒን ሰጥቼ፣ ቀጠሮ ጽፌ ሌላውን እጠራለሁ። በቀን ስድሳ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ብናገኝ ነበር» አሉኝ። ስወጣም «አብሽር፣ ልጄ» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ወሰንኩ የምልሽ ያን ቀን ነው። መመለሻው ላይ ለሀፊዝ ስነግረው «ወላሂ ጥሩ ነው፤ ግን ሰፈር ውስጥ ሳይኮ ነው የሚሉህ» አለኝ። አልተሳሳተም፤ አሁን ሁለቱ የክፍላችን ልጆች ሌላ ስም አይጠሩኝም። ይጥሩኝ።

ቀጥሎ ያለውን እማዬ ሌላ አድርጋ ነግራሽ ይሆናል፤ የእኔን ስሚ። ጥር 25 እሑድ በቤተ ክርስቲያን የዓመቱ የጌታ ሥራ በቪዲዮ ቀረበ። ያዘጋጁት ልጆች እኛን ለማጽናናት ብለው የአሞጽን ምስክርነት ጨመሩበት። ሳናስበው ወንድማችን በትልቁ ስክሪን ላይ መጣ፤ ያንን ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሷል። «ትቼዋለሁ» አለ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከኋላችን አንዲት ሴት ልጅዋን «አየሽ?» ስትላት ሰማሁ።

እግሬ ነው የተነሣው። ማይኩን ከፕሮግራም መሪው እጅ ወሰድኩ። «አሞጽ ያን ቀን ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ። ሲወስደው ይተኛ ነበር፤ ሲተወው ነው ያጣነው። እዚህ መካከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬም ይውሰድ። ጌታ አይቀየመውም» አልኩ። ገና «እዚህ መካከል» ስል ኪቦርድ ተጫዋቹ ከሥር ቀስ አድርጎ መምታት ጀመረ። ልማዱ ነው፤ ምስክርነት ሲረዝም በዜማ ያስጨርሳል። እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ እሱም ከፍ አደረገ። ሁለታችንም አንድ ላይ ጨረስን። ለሀፊዝ ስነግረው ከልቡ አዘነልኝ። «የእኛ መስጊድ ቢሆን ኪቦርድ የለም፤ እስክትጨርስ ይሰሙህ ነበር። ከዚያ ነበር የሚያባርሩህ» አለኝ።

እማዬ ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ «ወንድምህን ሁለተኛ ገደልከው» አለችኝ። አንድ ጊዜ ነው ያለችው፤ ደግማ አላነሣችውም። አባዬ ደግሞ የፊት ወንበር ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ስናገር አንገቱን እንደደፋ ነው የቆየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረኝም። ቢፈልገኝ እንኳን ለፓፓያዋ ይነግራታል፤ «ይኸ ውሃ የሚቀዳልን ሰው ጠፋ» ይላታል፤ እኔ ሰምቼ እቀዳለሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ኖርን። እውነቱን ልንገርሽ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለቴም ተቀመጥኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ስመኝ ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። ከኋላችን ተቀምጠው ልጃቸውን «አየሽ?» ያሏት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ሚስጥር ናት፤ ከመዘምራኑ መካከል ሶሎ የምትወጣዋ። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ወሯ ነው፤ መድኃኒት ታዞላት አልጀመረችም። እትዬ ስመኝ ዙሪያቸውን አይተው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እየዋጠች መዘመር ትችላለች?»

ሐኪም አይደለሁም፣ ገና ሞዴል ፈተና የወሰድኩ ተማሪ ነኝ። አላውቅም፣ የሚያውቁ ሰው ግን አውቃለሁ አልኳቸው። በማግስቱ ሦስታችን ደሴ ወጣን። ሲስተር ሂንድ ሚስጥርን አስገብተው ሲያነጋግሯት እኔና እናትየው ኮሪደር ላይ ጠበቅን። እትዬ ስመኝ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሱም ነበር። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ግን ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ፤ ከሠርጋቸው ጀምረው ነው እስከዚያች ቀን የመጡት። ምንም አልመከርኳቸውም፤ መምከርም አልችልም ነበር። ዝም ብዬ ሰማኋቸው። ሲጨርሱ «ተባረክ፣ ቀለለኝ» አሉኝ። ምንም ሳላደርግ። ይህ ነገር ትምህርት ያለው ከሆነ፣ እታለም፣ እኔ ያን ትምህርት እፈልገዋለሁ። ሚስጥር ባለፈው እሑድ ዘምራለች። እየዋጠች ነው።

ወሬው አባዬ ጆሮ ደረሰ፤ በዚህ ከተማ ያልደረሰ ወሬ የለም። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል። «ያን የዝውውር ወረቀት አምጣው» አለኝ። ለእኔ ነው ያለው፣ ለፓፓያዋ አይደለም። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ስላልሞላ ወላጅ የሚፈርምበት ቅጽ አለ፤ አመጣሁለት። የማይገባውን እንግሊዝኛ ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አየው።

«ቢስቲማ ለምን እንደሄድኩ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ሐሰት አልፈርምም ብለህ» አልኩት።

«አራት ዓመት ነው ያስከፈሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ልጄ ሐሰት ሲናገር አሜን አልኩ። የመድኃኒቱን ቀጠሮ የምይዝለት እኔ ነበርኩ፤ እንዳልተወው አውቅ ነበር። አውቄ ነው አሜን ያልኩት» አለ። ከዚያ ፈረመ። ፊርማውን ታውቂዋለሽ፤ ያቺን ረጅም ጭራ እስኪጨርስ ሰው ምሳ ይበላል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ማታ ሸሚዜን ተኩሳልኛለች።

እንግዲህ የቀረው ያንቺ ነው። ማመልከቻው እስከ መጋቢት መጨረሻ መግባት አለበት። ያንን «ወንድሜን በድንገተኛ አደጋ ስላጣሁ ሕሙማንን መርዳት እፈልጋለሁ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ድርሰት አልልከውም። የራሴን ጽፌያለሁ፤ በእንግሊዝኛ ስሕተት ካየሽበት አርሚልኝ፣ ነገሩን ግን አትንኪብኝ። ብትፈርሚ የማልረሳው ውለታ ነው። ባትፈርሚም አልቀየምሽም፤ ብሔራዊ ፈተናውን ተፈትኜ ወደሚመድቡኝ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ፤ እዚያም ይህንኑ ነው የምማረው። በሲያትል በኩልም ሄድኩ በሌላ፣ መመለሻዬ የሲስተር ሂንድ ኮሪደር ነው። ነርስ አላቸው። የሌላቸውን ሰው ነው የምሆንላቸው።

ካንቺ ዕቅድ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አዘዋውሬያለሁ። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን የሚያስተምረውን ኮርስ መጀመሪያው ተርም ላይ ነበር ያስቀመጥሽልኝ። የመጨረሻው ላይ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ይህን ለአባዬም አልነገርኩትም፣ ማይክ ይዤም አልተናገርኩትም፣ ለዚህ ነው ከሁሉ በኋላ የጻፍኩት።

የአሞጽን ቪዲዮ አታጥፊው። ብቻሽን ስትሆኚ ክፈቺው፤ ድምፁን ከፍ አድርጊና አራተኛው ደቂቃ ላይ ስሚ። ያ «መድኃኒቱስ?» የሚለው ሰው ከጎን አይደለም ያለው፤ ከስልኩ ጀርባ ነው። ስልኩን ይዤ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ድምፄ መጎርነን የጀመረው ያን ሰሞን ስለነበር አላወቅሽውም። ጠዋት ሲውጥ አይቼዋለሁ፤ ግን ቪዲዮው ላንቺ የሚላክ ስለነበር ሙሉ እንዲሆንልሽ ፈለግሁ። አሞጽ ዞሮ ፈገግ ያለው ለእኔ ነው።

ያን ቀን የባረክሽው ወንድም እኔ ነኝ። ይህን አውቀሽ ደግሞ ልትባርኪኝ ከቻልሽ፣ ፈርሚልኝ።

ጌታ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ እጅሽ የነካው ሕመምተኛ ሁሉ ይዳን፤ እንቅልፍሽ ሙሉ ይሁን።

ታናሽ ወንድምሽ
ምንይሉ ከፍያለው